ጋጋሪዋና ያላለቀው በር

ሠላሳ ዓመት ዳቦ ቤት የሠራች ሴት ምድጃ ሳትከፍት መዋል እንደማይሆንላት ማን ይገምታል? ራሷም አልገመተችም። የመጀመሪያው መስታወቷ ሲሰነጠቅ ግን ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም።

ነገሩ የጀመረው ከባሏ ነው። ባሏ አናጢ ነው። ለገዛ ቤታቸው፣ ዙሪያው ቅጠል የተቀረጸበት፣ መሐሉ ላይ ባለ ቀለም መስታወት የሚገባበት በር ግማሽ አድርሶ ሳለ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል።

«ፍለጪውና ማገዶ አድርጊው» አላት አንድ ቀን።

እልህ ያዛት። በሩ ማገዶ ከሆነ ባሏም አብሮት እንደሚያልቅ ልቧ ነግሯታል። በማግስቱ መስታወት ማቅለጥና እንጨት መቅረጽ ወደሚያስተምሩበት ቤት ሄዳ በዕድሜ ልጆቿ ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ተመዘገበች። «እማማ ዳቦ» እያሉ ሳቁባት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ያዘች።

መስታወቱ ቀላል መስሏት ነበር። ባለ ቀለሙን ቆራርጦ በንጹሑ ላይ መደርደር፣ ምድጃ ውስጥ መክተት፣ ቀልጦ እስኪጣበቅ መጠበቅ፤ በቃ።

«እማማ፣ ምድጃው ከጠፋ በኋላ እስከ ነገ አይክፈቱት» አለቻት አሰልጣኟ። «ቀዝቃዛ አየር ካገኘው ይሰነጠቃል።»

ጆሮዋ ሰምቷል፤ እጇ ግን አልሰማም። አሰልጣኟ ዞር ስትል፣ በስሎ እንደሆነ ልታይ ክዳኑን ገርበብ አደረገችው። ጧ አለ።

ሁለተኛውን ስትከት የምድጃውን ቁልፍ ለአሰልጣኟ አስረከበች። «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አለቻት። ከሰዓት በኋላ ለመነቻት፤ አሰልጣኟም ከልክላት ዋለች። በማግስቱ መስታወቱ አንድም ስንጥቅ ሳይኖርበት ወጣ።

እንጨቱ ባሰ። መሮውን የእንጨቱን መሥመር ተከትለው ካልገፉት የሚቀረጸው ቅጠል ተገንጥሎ ይወጣል። ሦስት ወር ሙሉ ቁርጥራጭ ስታበላሽ ከርማ፣ እጇ ሥራውን ሲለምድላት የባሏን መሮ አውጥታ ዋናውን በር ጀመረች። ፈርታለች።

ባሏ ጀርባውን እንደሰጠ ተቀምጧል። የመሮውን ድምፅ ግን ያዳምጣል።

«በተቃራኒው ነው የምትገፊው። ይገነጠላል።»

«ይገንጠላ።»

«ሴትዮ፣ እንጨቱን አታበላሺው።»

«ማገዶ አይደል እንዴ? ምን አገባህ?»

ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማች፤ ዞራ ግን አላየችም። በከዘራው እየተደገፈ መጣና የቀረጸችውን ቅጠል በአውራ ጣቱ ዳበሰ። አላመሰገናትም። ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በግራ እጁ መዶሻውን አነሳ።

«አንቺ መሮውን ያዢ» አላት።

ያ ግራ እጅ ዕድሜ ልኩን መሮ ሲይዝ እንጂ መዶሻ ሲያነሳ አያውቅም። የመጀመሪያው ምት አውራ ጣቷ ላይ አረፈ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጥርሷን ነከሰች። እሱም ፊቱ ጠቁሮ መዶሻውን ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

መሮውን ከነበረበት አላነቃነቀችውም።

«ምታ» አለችው።