ፈረሴ ወደ ባለሥልጣናቱ የሮጠ ዕለት

ዛሬ አዳማ፣ የፈረሰኞች ትርኢት ላይ አንድ ፈረስ ደንብሮ ወደ ተመልካቹ ሲሮጥ «አትተኩሱ!» ብዬ ጮህኩ።

የሚተኩስ ማንም አልነበረም። ልጄ ደንግጣ «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። በዚያ ዘመን የደረሰብኝን እስከ ዛሬ ነግሬያት አላውቅም።

በደርግ ጊዜ እኛን የአርሲ ፈረሰኞችን «የብሔረሰቦችን ባህል አሳዩ» እያሉ በየከተማው ያዞሩን ነበር። ሁሩታና አቦምሳ ደህና አለፈ። አዳማ ላይ ግን ድምፅ ማጉያው ሲያንባርቅ ፈረሴ በርግጎ በቀጥታ ወደ ባለሥልጣናቱ መድረክ ይዞኝ ነጎደ።

ልጓሙን ብስበው፣ ብስበው አልሰማ አለኝ። ጠባቂዎቹ ጠመንጃ አነጣጠሩብኝ። ጸሎት እንኳ ጠፋብኝ።

ፈረሴ መድረኩ ሥር ሲደርስ ቆመ። አንድ ካድሬ ወርዶ «ማነው የላከህ?» አለኝ።

«ኧረ ማንም አልላከኝም፣ ጌታዬ!»

ያኔ «ጓድ» እንጂ «ጌታዬ» አይባልም። ከሞት አመልጣለሁ ብዬ ሌላ ወንጀል ጨመርኩ!

ይሄኔ የቡድናችን ሽማግሌ አባ ገመቹ ከፈረሳቸው ወርደው መጡ። ጠመንጃውን እንዳላየ ሰው የካድሬውን እጅ ይዘው ፈረሴ ደረት ላይ አሳረፉት።

«እስኪ ንካው ልጄ፤ ልቡ እንዴት እንደሚመታ። ይሄ ተልኮ የመጣ ይመስልሃል?»

 ካድሬው እጁን አንስቶ ወደ አባ ገመቹ ዞረና «በሉ፣ ይውሰዱት» አለ።

ስወርድ አባ ገመቹ ደግፈው ወሰዱኝ። ከሜዳው ስንወጣ ነው እሳቸውም «እኔስ ያለቀልን መስሎኝ ነበር» ያሉኝ።

እናንተስ፣ በዚያ ዘመን በማታውቁት ነገር ነፍሳችሁ የተጨነቀችበት ቀን ነበር? እስኪ አጫውቱኝ።