ቴርሚኔ የጠዋት ነው

ቅዳሜ ጠዋት ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም ሰፈር፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ደረጃ ስወጣ፣ የመኪናውን ጎን እንደ ሱቅ መስኮት ከፍቶ የተጨሰ ዓሣ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ አለ፤ ሽታው ገና ከሩቅ ሲመጣ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆም እላለሁ። የጭስ፣ የጨውና የረጠበ ገመድ ሽታ ነው። ሌላው ሰው ምሳውን ያስብ ይሆናል፤ እኔ ግን የማስበው እናቴን ነው፤ በነጭ የፎጣ ጋዋን ተጠቅልላ፣ የሰው ፎጣ በእጇ ይዛ፣ በባልቲክ ባሕር ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የመታከሚያ ከተማ ኮሪደር ላይ የቆመችውን እናቴን። ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ብዙ ደግ ሰዎች ስለነበሩባት በአንዲት ሴትዮ ምክንያት ስሟ በክፉ እንዲነሳ አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው በብርዱ ወራት ነበር። የምንኖረው ፌኸንሃይም የሚባል ሰፈር፣ ከማይን ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እማዬና እኔ ብቻ ነበርን፤ አባቴ እኔ አፌን ሳልፈታ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ሌላ ትዳር ይዞ ነበር። እማዬ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ በትራም ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ እስከ ባንሆፍስፊርቴል ሄዳ ቢሮዎች ታጸዳ ነበር፤ ተመልሳም እኔን ትምህርት ቤት ሸኝታ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወለል ትወለውል ነበር። አንድ ቀን የሞላ ባልዲ ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ቀና ማለት አቃታት። ከፌርማታው እስከ ቤት ግድግዳ እየተደገፈች መጣች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካልሲዋን የማጠልቅላት፣ የጫማዋን ክር የማስርላት እኔ ሆንኩ። ደረጃ ስንወጣ በየፎቁ ቆም እያለች በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር፤ ውጭ ግን ከጭስ ማውጫና ከጭነት መኪና በቀር የሚታይ ነገር እንዳልነበረ እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

ሐኪሟ ብዙ ክኒን ሰጥታ ሲሰለቻት «ኩር» የሚባል ነገር ጻፈችላት። እናት ከነልጇ ሦስት ሳምንት ባሕር ዳር ተቀምጣ፣ በሞቀ ውሃ ውስጥ እየተንቀሳቀሰች፣ ወገቧን እየታሸች፣ ሰው የሠራውን ምግብ እየበላች የምትታከምበት ነው። ይህን ሳስረዳት እማዬ ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«ጠበል ነው በይኛ! ለካ እነሱም ጠበል አላቸው!»

ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ ደብዳቤ መጣ። የቤታችን ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነበርኩ፤ የማላውቀው ቃል ሲያጋጥመኝ ዘልዬው አልፍና የደብዳቤውን ጠባይ ከመጀመሪያው መስመር እገምት ነበር።

«እናዝናለን ይላል፣ እማዬ።»

«ካዘኑ ለምን ከለከሉ?»

የጤና መድኑ መሥሪያ ቤት፣ ሕመሙ እዚሁ ሰፈር ሊታከም ይችላል፣ ባሕር ድረስ መሄድ አያስፈልግም ብሎ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸው ሴቶች «ተይው እቴ፣ የሰው አገር ነው፤ ከከለከሉ ከለከሉ ነው» አሏት። እማዬ ግን ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ እጄን ይዛ ቦከንሃይም ጋሼ ተፈራ ዘንድ ሄደች። ጋሼ ተፈራ በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ አገር ሲታመስ እዚሁ የቀሩ፣ በመሐንዲስነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ የማኅበረሰቡ ከባድ ደብዳቤ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፍ ነበር።

«ጋሼ፣ ቪደርሽፕሩኽ ይጻፉልኝ» አለች፤ መቃወሚያ ማለቷ ነው፤ ቃሉን ትራም ላይ እየደጋገምን ስንለማመደው ነበር የሄድነው።

«እሺ ልጄ፣ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?»

«ወገቤ የተጎዳው የእናንተን ወለል ስወለውል ነው፤ እናንተው አቃኑልኝ ብለው ይጻፉ።»

ጋሼ ተፈራ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። ትንሽ ለስለስ እናድርገው።»

«ለስላሳውን ሐኪሟ ጽፋው ተመለሰ። የኔን እንዳልኩት ይጻፉልኝ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ከንፈራቸውን ነክሰው እንዳለችው ጻፉ፤ ከሥሩም የሕግ አንቀጽ ጨመሩበት።

የበጋው ፀሐይ ጠንክሮ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ሁለተኛው ደብዳቤ ደረሰ፤ ተፈቅዶ ነበር። የጋሼ ተፈራ የሕግ አንቀጽ ይሁን የሐኪሟ ተጨማሪ ማስረጃ የትኛው እንደሠራ አላውቅም፤ እማዬ ግን የራሷ ዓረፍተ ነገር መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። በዚያ ሁሉ የበጋ ቀን ሻንጣ ስናወጣና ስናስገባ ከረምን። የዋና ልብስ ገዛችና መስተዋት ፊት ቆማ በቀሚሷ ላይ ለካችው፤ ዋና ቀርቶ ከጉልበቷ በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። ያዩዋት ጎረቤቶች «አንቺ? የዋና ልብስ?» ሲሏት፣ «ታዲያ በቀሚስ ልግባላቸው?» ትል ነበር።

የሄድነው ለመስቀል ሰሞን፣ የፍራንክፈርት ቅጠል መቅላት ሲጀምር ነው። ሁለት ጊዜ ባቡር ቀይረን ስንወርድ የተቀበለን ነፋስ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነፋስ አላውቅም ነበር፤ እንደ ሰው እጅ ደረት ላይ ይገፋል። ቤቶቹ ነጫጭ፣ ሰገነታቸው እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት፣ አሸዋው ላይ ደግሞ ሰው ከነፋስ ተሸሽጎ የሚቀመጥባቸው ክዳን ያላቸው ትልልቅ የቅርጫት ወንበሮች ተደርድረው ነበር። ከዳርቻው ተነስቶ ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ የሚሄድ ረጅም የእንጨት ድልድይ ነበር።

«ይሄ ድልድይ ወዴት ያሻግራል?» አለችኝ እማዬ።

«የትም።»

«ታዲያ ለምን ሠሩት?»

«ጫፉ ድረስ ሄደው ለመመለስ።»

እማዬ ድልድዩን፣ ከዚያም ነጠላ ጫማ እየጎተቱ የሚንሸራሸሩበትን ሽማግሌዎች አየችና፣ «ዕረፍት ማለት ይሄ ነው» አለች።

በሦስተኛው ቀን ነው። የእማዬ የውሃ ሰዓት በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስለነበር፣ የልጆች ክፍል እስኪከፈት እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃት ነበር። የውሃ ገንዳውን አዳራሽ ከኛ ሌላ የከተማዋ እንግዶችም ይጠቀሙበት ነበር። እማዬ ከውሃው ወጥታ፣ ለታካሚ ሁሉ የሚሰጠውን ነጭ ጋዋን ለብሳ ወደኔ ስትመጣ፣ ልክ ያንኑ ጋዋን የለበሰች አንዲት ሽበታም ሴትዮ ከኋላ ጠራቻትና እርጥብ ፎጣዋን እጇ ላይ አስቀመጠችላት፤ በጣቷም ወደ ሻወሮቹ እያመለከተች ወለሉ ውሃ ይዟል፣ ይጽዳ አለች። አልተቆጣችም፣ አልተሳደበችም። እንዲያውም «ቢተ» ብላለች፤ እባክሽ ማለት ነው።

እማዬ ፎጣውን እንደያዘች ወደኔ ዞረች። «ምን አለች?»

ፊቴ እሳት ሆነ። ያፈርኩት በሴትዮዋ ሳይሆን በእናቴ ነበር፤ ይህ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። «ፎጣው ያንቺ ነው ወይ ነው ያለችው» አልኩ።

እማዬ ረጋ ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ ፑትሰን የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

ማጽዳት ማለት ነው። ከጀርመንኛ ሁሉ አሳምራ የምታውቀው እነዚያን ቃላት ነበር፤ ወለል፣ ባልዲ፣ መስኮት፣ ቶሎ፣ እንደገና። ለሐኪም፣ ለመምህር፣ ለመሥሪያ ቤት የኔ አፍ ያስፈልጋት ነበር፤ እዚህ ግን የራሷ ጆሮ በቂ ነበር።

«አሁን የምልሽን ንገሪያት። እኔ እዚህ የመጣሁት እንደሷ ልታከም ነው። ወገቤ የታመመው ወለል ስወለውል ነው፤ እዚህ ደግሞ አልወለውልም። ፎጣሽን ራስሽ ያዢ በያት።»

በቀጭን ድምፅ፣ «እናቴ እንግዳ ናት» አልኩ።

«አጭር ነው» አለች እማዬ። «የኔ ረጅም ነበር። ጨርሺው።»

ጨረስኩት። የአክብሮቱን አነጋገር ሳላጎድል፣ እየተንተባተብኩ፣ ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተክዬ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር። ሴትዮዋ እስከ አንገቷ ቀላች፤ ማንንም ለማስቀየም አስባ እንዳልነበረ ተናግራ፣ ፎጣዋን ወስዳ ሄደች።

በማግስቱ የነርሶቹ ኃላፊ ቢሮዋ ጠራችን። ድምጿ ለስላሳ ነበር። አንዲት እንግዳ ቅር ብሏቸዋል፣ ለሁሉም ሰላም ሲባል የእማዬ ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ ቢዛወር፣ ያኔ ሰው ስለማይበዛ ለሷም ይሻላል አለች። እኔ በዚህ ጊዜ ሁሉንም እንዳለ ተረጎምኩና፣ ከራሴ ጨምሬ «እማዬ፣ እሺ በያት፤ ይመልሱናል» አልኳት። ድልድዩን፣ የቅርጫት ወንበሮቹን፣ ከትምህርት ቤት የራቅኩበትን ጊዜ ሁሉ በዓይነ ኅሊናዬ ባቡር ላይ ተጭኖ ሲመለስ አየሁት። እማዬ ወደኔ አልተመለከተችም። ከጋዋኗ ኪስ የቀጠሮ ወረቀቷን አውጥታ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በእጇ መዳፍ አለሰለሰችውና በራሷ አፍ፣ በጀርመንኛ፣ «ማይን ቴርሚን ሞርገን» አለች።

ማይን የኔ፣ ቴርሚን ቀጠሮ ነው። ሞርገን ግን ጠዋትም ነገም ማለት ስለሆነ ኃላፊዋ ግራ ገብቷት፣ «ነገ?» አለች።

እማዬ ትንሽ አሰበችና ከምታውቃቸው ቃላት አንዱን መዘዘች። «ኢመር ሞርገን።» ሁልጊዜ ጠዋት።

ኃላፊዋ ወረቀቱን፣ ከዚያ እናቴን፣ ከዚያ እኔን አየች። በመጨረሻም ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት፤ ስለ ሰዓቱም ከዚያ በኋላ የተነሳ ነገር የለም።

እማዬ ጠዋት ጠዋት ገባች። ሽበታሟ ሴትዮም መጣች። በመስታወቱ ውስጥ አያቸው ነበር፤ አንዷ ከዚህ ጥግ፣ አንዷ ከዚያ ጥግ፣ በእንፋሎቱ መሐል በአሠልጣኟ ቆጠራ እጃቸውን እያነሱ ይጥሉ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እማዬ ወደ ውሃው ስትወርድ «ጉተን ሞርገን!» አለቻት፤ ድምጿ ከሸክላው ግድግዳ ላይ ነጥሮ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ሴትዮዋ መለሰች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። እርቅ አልነበረም፤ አንዷ ለሌላዋ ይቅርታ አልጠየቀችም። እማዬ ሰላምታውን እንደ ግብር ነበር የምታስከፍላት።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሰማዩ እንደ እርሳስ ከብዶ ነበር። ሰዎቹ ወፍራም ጃኬት ለብሰው ቅርጫታቸው ውስጥ ተሸጉጠዋል፤ ባሕሩ ውስጥ ማንም አልነበረም። እማዬ ጋዋኗን አውልቃ እኔን አስያዘችኝና በዚያ በአዲሱ የዋና ልብስ፣ ወገቧን ሳትይዝ፣ ወደ ውሃው አመራች። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ማዕበሉ ጉልበቷን፣ ከዚያ ሆዷን፣ ከዚያ ደረቷን ሲመታው ጩኸቷን ሰማሁ፤ የብርድ ይሁን የደስታ አልለየሁትም። ሰዎቹ ከቅርጫታቸው ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። እኔ ደንግጬ አሸዋው ላይ እየዘለልኩ፣ በትምህርት ቤት አፌ፣ «ማማ፣ ኮም ራውስ! ማማ!» እያልኩ ጮህኩ።

ዞር አለች፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። «በአማርኛ ጥሪኝ!»

ዙሪያዬን አየሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየን ነበር። ከቤታችን በር ውጭ ጮክ ብዬ አማርኛ ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ትራም ላይ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምመልስላት። ጋዋኑን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ «እማዬ! እማዬ ውጪ! እማዬዬ!» አልኩ። ነፋሱ ወሰደው፤ ግን ሰምታ ነበር፤ እየሳቀች ወጣች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ቀጥ ብላ።

ወደ ፍራንክፈርት ስንመለስ ብርዱ ጀምሮ ነበር። ወገቧ እንደ ድሮው አልሆነም፤ እንዲያውም ዝናብ ሲመጣ ዛሬም ቀድማ የምታውቀው በሱ ነው። ለመጦሪያ ቤቱ አለቃዋ ግን ከዚህ በኋላ ባልዲውን ግማሽ ብቻ እንደምትሞላ ነገረችው፤ ካልፈለገም ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነገረችው፤ ሌላ ሰው አልፈለገም። ከሁለት ዓመት በኋላ መጦሪያ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው አትክልት ከሚከትፉት ጋር መደባት።

እማዬ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ጀርመንኛዋ እስካሁን ስብርባሪ ነው፤ ግሡን ከቦታው ታነሳዋለች፣ ወንዱን ሴት ታደርገዋለች። በቅርቡ አብረን አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን፣ መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ወደኔ ብቻ እያየ ሲናገር፣ ልመልስለት አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝ አድርጋ «ቆይ» አለችኝና ራሷ ጀመረች። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሳ አስተካክላ ጨረሰች፤ ልጁም መጨረሻ ላይ የሚያየው እሷን ነበር። ያን ጊዜ እኔ አፏ ነበርኩ፤ አሁን ከጎኗ ቆሜ የምጠብቅ ሰው ነኝ።

የኔ ጀርመንኛ እንከን የለውም፤ ሰዎች ስልክ ላይ ሲሰሙኝ የዚህ አገር ሴት ነው የምመስላቸው። ሰብለወንጌል የሚለው ስሜ ግን ለአለቃዬ ረዝሞበት፣ ከተቀጠርኩ ጀምሮ «ዜሊ» እያለ ይጠራኛል፤ እኔም ለስላሳ ፈገግታ እያሳየሁ አቤት እላለሁ። ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም፤ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁና። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለን። ስሜን እስከ መጨረሻው ፊደል አስጠናዋለሁ።