ከተኳረፍኳት ጎረቤት በቀር አይልም

የያዙኝ በርበሬ በረንዳ ገበያ፣ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ዛላ ስቀነጥስ ነው። ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። አንደኛው፣ «ለጥያቄ ነው እናት፣ አሁን ትመለሻለሽ» አለኝ። ሽርጤን ሳልፈታ ተከተልኳቸው።

ሰሞኑን በረንዳው ላይ ወረቀት ተበትኖ ነበር። መንግሥትን የሚነቅፍ ነው ይባላል። እኔ ስሜን ከመለየት በቀር ማንበብ አልችልም።

ጣቢያ ወስደው ጠባብ ክፍል ውስጥ ከስድስት ሴቶች ጋር ከተቱኝ። ገና ስገባ ሁሉም ማስነጠስ ጀመሩ። ለካ ልብሴ ላይ የነበረው የበርበሬ ብናኝ ነው። አንዷ ልጅ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እትዬ፣ መርማሪው ሳያስለቅሰን እርስዎ አስለቀሱን» አለች። ሳቅን።

ከጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳ አንዲት የብርሃን ጨረር ትወርዳለች። ጠዋት ግድግዳው ላይ ናት፣ ቀን ወለሉን ታቋርጣለች፣ ሲመሽ በሩ ሥር ትጠፋለች። ሌላ ሰዓት አልነበረንም። ሳልተኛ የማልም ይመስለኝ ነበር። ከአንዋር መስጊድ አዛን፣ ከወዲያ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ይመጡና በእንቅልፍ ልቤ ይቀላቀላሉ። ልጄ ፀጉሯን ሳትሠራ ሱቁ በር ላይ ቆማ ትታየኛለች። እጄን ስዘረጋ ግድግዳ እነካለሁ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።

በአራተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ወንበር ሰጠኝ። በተያዝኩ ቀን የሰጠሁት ቃል ተጽፎ ማለቁን፣ ወረቀቱ ላይ አሻራዬን ካደረግሁም ዛሬውኑ ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። ጣቴን ራሱ ይዞ ቀለሙ ላይ ጫነው።

እኛ በርበሬ ስንገዛ የጆንያውን አፍ አናምንም። ደህናው ዛላ ከላይ ይደረጋል፣ እርጥቡ ከሥር። ክንዳችንን እስከ ትከሻ አስገብተን ከሥር እናወጣለን። የዚያን ቀን እጄ በልማዱ ወረቀቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ቆመ።

«እስከ ታች ያንብቡልኝ» አልኩት።

አነበበ። ስሜ፣ ሱቄ፣ የተያዝኩበት ሰዓት፣ ሁሉም እውነት ነው። መጨረሻው ላይ ግን የሱቅ ጎረቤቴ ያን የተበተነ ወረቀት ስትደብቅ አይቻለሁ ይላል። ከዚህች ጎረቤቴ ጋር በሱቆቻችን መተላለፊያ ተጣልተን ዓመት ሙሉ ሰላም አንባባልም ነበር። እሱም ያውቃል።

«ይህችን ሴት አይወዷትም አይደል?» አለኝ።

«አልወዳትም።»

«ልጅዎ ብቻዋን ናት።»

«ናት።»

«ታዲያ?»

የንስሐ አባቴ፣ ነገር ሲጨንቅሽ አስቀድመሽ ቃሉ ምን ይላል በይ፣ ከዚያ ፍሪ፣ መፍራት አልተከለከለም ይሉኝ ነበር። ቃሉ በጎረቤትሽ ላይ በሐሰት አትመስክሪ ይላል። ከተኳረፍሻት ጎረቤት በቀር አይልም። ልጄ ብቻዋን ካደረች ይቻላል ይል እንደሆነ ፈለግሁ። እውነቴን ነው፣ ፈለግሁ። የለም።

«አላየሁም» አልኩት።

ጣቴን በምራቄ አርሼ ሽርጤ ላይ ጠረግሁ። ቀለሙ ቶሎ አይለቅም። ቆዳው እስኪነጣ ፈተግሁት። ጣቴ ሲጠራ ብድግ ብዬ፣ «ወደ ክፍሌ ውሰዱኝ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ቀን ቆየሁ። ለምን እንደፈቱኝም አልነገሩኝም። ልጄን ያንን ሁሉ ቀን የሰፈር ሰው ተቀባብሎ አሳደራት። ጎረቤቴ በእሷ ላይ መስክሪ መባሌን አታውቅም። ባወራላት ውለታ ይሆንባታል፣ ለእኔም መመኪያ።

ደፋር ነሽ የሚሉኝ አሉ። ዛሬም በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ፍርሃቱ አብሮኝ ይኖራል፤ ከእሱ ጋር መሥራት ለምጃለሁ። ገበያተኛ መጥቶ ዛላውን እያገላበጠ «የዘንድሮ ነው አይደል?» ሲለኝ ልቤ ትመታለች። ልጄ አዎ በይው ለማለት በክርኗ ትጎሽመኛለች።

«የአምና ነው» እለዋለሁ።