በጌታነሽ ጣሪያ ላይ ያበበው የጋሼ አባይነህ ሐረግ

የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሞላሌ ላይ ጎማው ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። ወዲያ ወዲህ ስል፣ ከአንድ የድንጋይ ካብ ሥር በርጩማ ላይ ቆመው ወደ ሰው ግቢ አንገታቸውን ያሰገጉ ሽማግሌ አየሁ። በርኖስ ለብሰዋል፣ ከዘራቸውን በብብታቸው ሸጉጠዋል፤ መቼም ሌባ አይመስሉም።

«አባቴ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም አልጠፋብኝም። አበባዬን እያየሁ ነው።»

«ግቢው የእርስዎ ነው?»

«የጌታነሽ ነው።»

«አበባውስ?»

«የእኔ!» አሉና ክንዴን ተደግፈው ወረዱ። ጎማው እስኪጠገን ድረስ ነገሩን ከሥሩ አጫወቱኝ።

ጋሼ አባይነህ ይባላሉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጓሳ የሚሉት የጋራ የሣር መሬት ጠባቂ ነበሩ። ጓሳ ሣሩ እንዲያገግም ሲከለል፣ ቀን ተቆርጦ እስኪከፈት ድረስ በግም ማጭድም አይገባበትም። የገባ በግ ይያዛል፤ ባለቤቱም ሽማግሌ ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ» ይላል። እሳቸው የገዛ አማታቸውን በግ ይዘው ያውቃሉ። በቃኝ ብለው ሞላሌ ሲገቡ ግን የሚጠብቁት አጡ። ጥቂት ጊዜ ዶሮ ጠበቁ፤ ዶሮ ደግሞ ሕግ አይገባትም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ልጃቸው ማርያማዊት ክርስትና ጠርታቸው ዓለም ከተማ ወረዱ። በአጥሯ ላይ ቡገንቪሊያ የሚሉት ሐረግ ቅጠሉ እስከማይታይ ድረስ ሐምራዊ ሆኖ ተንዘርፍፏል። ቆመው አዩት፤ ምሳ ቀርቦም ከዚያው አልተነሡም።

«አንድ ዘንግ ቁረጪልኝ» አሏት።

«አባዬ፣ ይኼ እኮ የሙቀት አገር ተክል ነው። በመንዝ ውርጭ ምን ሊሆን ይወስዱታል?»

«ያብባል።»

«ካበበማ ከዚያ እዚህ በእግሬ ነው የምመለሰው!» ብላ ሳቀች።

ጉዱን ሁሉ ያመጣችው ያቺ ሳቅ ናት። ጋሼ አባይነህ በገዛ ግቢያቸው አብቦ ሳያሳዩአት ላይሞቱ ለራሳቸው ማሉ።

ዘንጉን ከካቡ ሥር ተከሉና ግቢውን ከለሉት፤ እንደ ጓሳ፣ ለሦስት ዓመት። ባለቤታቸው እትዬ የትምወርቅ ልብስ የሚያሰጡበት ቦታ ተዘጋ። እንግዳ በጓሮ ዞሮ ይግባ ተባለ፤ የነፍስ አባታቸው ሳይቀሩ መስቀላቸውን ይዘው በጎመኑ መሐል ገቡ። ኅዳር ላይ ውርጩ ሲመጣ በርኖሳቸውን አውልቀው ሐረጉን አለበሱትና እሳቸው የሚስታቸውን ጋቢ ደርበው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ የትምወርቅ፣ «ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ቀን በርዷት ይሆን ብለህ አውልቀህልኝ ታውቃለህ?»

«አንቺ ቅጠልሽ አይረግፍ!»

በሁለተኛው ዓመት የጎረቤታቸው አውራ በግ ካቡን ዘሎ ገባና ለጋ ለጋውን ቀረጣጠፈው። ጎረቤታቸው ጌታነሽ ከካቡ ወዲያ አረቄ የምታወጣ፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት። ጋሼ አባይነህ በጉን ያዙት። ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋቸው እግር ጋር አስረው «ሽማግሌ ፊት ካልቆምሽ አልለቀውም» አሉ። ጌታነሽ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ቆማ፣ ሳቋን በነጠላዋ አፍና፣ «አጥፍቻለሁ» አለች።

ሦስተኛው ዓመት ሞላ። በጋሼ አባይነህ በኩል እሾህና ቅጠል ብቻ። ሐረጉ ለካ ጫፉን በካቡ ላይ አሻግሮ የጌታነሽን አረቄ ማውጫ ቤት አግኝቷል። እዚያ እሳት አይጠፋም፤ ግድግዳው ለብ፣ ቆርቆሮው ሞቅ ይላል። በርኖስ ያለበሱትን ትቶ ጣሪያዋ ላይ ተጋደመና ጥር ሲገባ ሐምራዊ ሆኖ ፈነዳ።

«የሰከረ ነው የሚመስለው» ይላሉ ጋሼ አባይነህ፣ ዛሬም እየተናደዱ።

ለጥምቀት ማርያማዊት መጣች። ገና ጓዟን ሳታስቀምጥ፣ «አባዬ! እትዬ ጌታነሽ እንዲህ ያለ አበባ አላቸው? ምናለ እንዴት እንደሚተከል እሳቸውን ቢጠይቁ!»

«ሥሩ እዚህ ነው!» ብለው እየጎተቱ ወሰዷት።

«ይኼማ አጋም ነው» አለች እሾሁን አይታ።

ከጌታነሽ ግቢ ገብተው ግንዱን እስከ አበባው በጣት እየተከተሉ ካላሳዩአት የሚያምናቸው የለም። እያመነቱ በሯን አንኳኩ።

«ማነው?»

«አባይነህ ነኝ። አበባዬን ለልጄ ላሳይ።»

«ውይ ጋሼ፣ ግቢው እኮ ተከልሏል። ሦስት ዓመት ሰው አይገባም።»

«አንቺ! ይኼን ሕግ እዚህ ሰፈር ያመጣሁት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ እርስዎ ካላከበሩት ማን ያክብረው?»

ከውስጥ የአረቄ ጠጪዎች ሳቅ ተሰማ። ማርያማዊትም ከኋላቸው ልትፈነዳ ደርሳለች። ጋሼ አባይነህ ከዘራቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዛወሩ።

«ምን ልካስሽ?»

«እኔን ምንም። በጉን ይቅርታ ይጠይቁት። ከአልጋ ጋር ታስሮ ካደረ ወዲህ ሰው አያምንም።»

በሩ ተከፈተ። ጋሼ አባይነህ ኮፍያቸውን አውልቀው በጉ ፊት ቆሙ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን ሲያስብሉት የኖሩት ቃል ተራው ለእሳቸው ደረሰ።

«አጥፍቻለሁ» አሉት።

በጉ ኮፍያውን ከእጃቸው ነጥቆ ማኘክ ጀመረ።

«ይኼ እሺታ ነው እምቢታ?»

«ግማሽ በግማሽ ነው» ብላ ፈረደች ጌታነሽ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ይግቡ። ሌላ ጊዜ በካቡ ላይ ይዩ።»

ማርያማዊት ግንዱን ከካቡ ጫፍ ጀምራ በጣቷ ተከተለችው። ጣሪያው ሥር ስትደርስ አንዲት አበባ በጥሳ ፀጉሯ ውስጥ ሻጠችና አባቷን አቀፈቻቸው።

«አባዬ፣ አብቧል።»

«እንግዲህ ዓለም ከተማ በእግርሽ ነው» አሏት።

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ተሰናብቼ ስሮጥ ጋሼ አባይነህ በርጩማቸው ላይ ተመልሰው እየወጡ ነበር። ከዚያው ሆነው ጮኹልኝ፦

«ስትመለስ በቅዳሜ አድርገው፣ በበር እንገባለን! ለበጉ ትንሽ ጨው ያዝ፤ ኮፍያህን ግን መኪና ውስጥ ተወው!»