ከመቃብሩ አጥር ወዲህ

ሐይቅ ከተማ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሥራ የጀመርኩ ቀን የክፍላችን መስኮት መስታወት አልነበረውም። ለውጥ መጣ ብለን ሳንጨርስ ጦርነት መጥቶ ያገኘውን ሰባብሮ ሄዷል። ኃላፊዬ የወንበሩን አቧራ ጠርጎ አስቀመጠኝና ሥራዬን ነገረኝ። ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች መድኃኒት ሳይጀምሩ የተጠየቁትን ጥያቄ ከወራት በኋላ ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ሁለቱን ነጥብ አስተያያለሁ። ነጥቡ የሕመሙ መጠን ስለሆነ፣ ከወረደ ሕክምናው ሠርቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ የገባልኝ ሰይድ ነበር፤ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የመጣ ገበሬ፣ የቀድሞ ወታደር።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ቅዠቱስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

ድንጋጤውን ብጠይቀው፣ ንዴቱን ብጠይቀው ያው ምስጋና ነው። ነጥቡ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ሊገባ ጥቂት ቀረው። ኃላፊዬ ደስ አለው።

«ድኗል፤ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀንሰን እናሰናብተው» አለኝ።

ሚስቱ ዘሀራ በር ላይ ትጠብቀው ነበር። እሱ ባጃጅ ሊጠራ ሲሄድ እጄን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ ምን አላችሁ?»

«ደህና ነኝ አለን።»

«ታዲያ እንዴት ነህ ላለው ሰው ምን ይበል? አላህን ያማርር? ወላሂ ቀብር ከወጣ ዓመት አልፎታል። ጓደኞቹን በእጁ ቀብሮ ነው የመጣው፤ የአካፋ ድምፅ ሲሰማ ጓሮ ገብቶ ይሸሸጋል። ቅሬው ሊያስወጣን ነው። እናቱ ደግሞ አልጋ ይዘዋል። ማን ይቀብርልናል?»

ቅሬ በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ሬሳውን የሚያነሳበት ማኅበር ነው። ሰው ያልቀበረ አይቀበርለትም። ከቅሬ የወጣ በቁሙ እንደሞተ ይቆጠራል።

ተመልሼ ለኃላፊዬ ነገርኩት።

«ቅሬ መለኪያ አይደለም» አለኝ።

«ምስጋናስ መለኪያ ነው?» አልኩት። እኔም ተናደድኩ፣ እሱም ተናደደ፤ መድኃኒቱ ግን አልተቀነሰም።

ሰይድን አስፈቅጄ የቅሬውን ዳኛ አነጋገርኩ። የአካፋውን ነገር ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«እኛ የኮራብን መስሎን ነበር» አሉ። አብሽር፣ አይዞህ በይው። አካፋ አይንካ፤ ለቆፋሪዎቹ ውሃ ያምጣ።»

ሰይድ ጀመረ። አንዳንዴ ጄሪካኑን መንገድ ላይ ጥሎ ይመለሳል። በየቀጠሮው እስከ የት እንደደረሰ ብቻ እጠይቀው ነበር። አንዴ እስከ ወንዙ፣ አንዴ እስከ መስጊዱ ጥግ ይለኛል። ተስፋ አደረግኩ።

በዚህ መሃል እናቱ ሞቱ። ቅሬው አንድም ሰው ሳይቀር ወጣ። ሴት መቃብር ስለማትገባ እኔ ከአጥሩ ወዲህ መንገድ ዳር ቆምኩ። ወንዱ ሁሉ ጀናዛውን ተከትሎ ገባ። ሰይድ ጄሪካኑን ተሸክሞ ከኋላ መጣ፤ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ከውስጥ አካፋ ድንጋይ ሲመታ ይሰማል። እግሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። አንድ ጎረቤቱ ወጥቶ ውሃውን ተቀበለው። ሰይድ እናቱን አፈር ሳያለብስ ቀረ።

ወደ እሱ ጠጋ አልኩ።

«ሰይድ፣ እንዴት ነህ?» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለኝ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ እኛ አገር ታማሚን እንዴት ነህ ብትሉት ያመሰግናል። ሰሞኑን ማን እንደሞተ፣ እሱም እስከ የት እንደሸኘ ጠይቁት።