የብልጭታ ጥብስ ቤትና አረንጓዴው እስክሪብቶ

ሰፈሩ ሁሉ ብልጭታ እያለ የሚጠራው ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በያጅ ነበር። የአካባቢው የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ ግማሹ የእሱ እጅ ሥራ ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ የዓይን ሐኪሙ ብየዳውን ካልተወ ዓይኑን እንደሚያጣ ቁርጡን ነገረው። አንድ ወር ሙሉ ቤት ተቀምጦ የድስት ክዳኖችን ሲፈታና ሲያጠብቅ ከረመ። በሁለተኛው ወር ሚስቱ መረራት። ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ ወጥ ቤቴን ልቀቅልኝ አለችው።

እሱም አንድ አሮጌ የዘይት በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ፣ የመጨረሻዬ ነው ብሎ ምሎ እግር በየደለትና የከሰል ምድጃ አደረገው። ምድር ቤት ያለውን የሥራ ክፍሉን አጽድቶ ስምንት ጠረጴዛ አስገባ። ጠረጴዛውንም ወንበሩንም ራሱ ከብረት የሠራው ስለሆነ፣ አንድ ወንበር ከቦታው ለማንቀሳቀስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የገባ ደንበኛ ቶሎ የማይወጣው ምግቡን ወዶ ይሁን ወንበሩ ከብዶት የሚያውቅ የለም።

ስለ ጥብስ ቤቱ ሰፈሩ በአንድ ነገር ተስማምቶ አያውቅም። ፋርማሲስቷ እንዲህ ያለ ጎድን በልቼ አላውቅም ትላለች፤ ቀጥላ ደግሞ ቀሚሷ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ጢስ ጢስ እንደሚል ታማርራለች። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ሥጋው ለመንጋጋ ጥሩ ስፖርት ነው ይላል፤ ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሁለት ወጣቶች ለመተዋወቅ መጥተው፣ ልጁ ከጎድኑ ጋር ሲታገል አጥንቱ ከሹካው አምልጦ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ልጅቷ እስክታነባ ሳቀች። አሁን ተጋብተዋል፤ ሲመጡ የሚያዙት ግን ድንች ብቻ ነው። ቅጥያው ሱቅ ውስጥ ያለው ፀጉር አስተካካይ በየቀኑ ምሳውን እዚያ እየበላ፣ አፉን ሞልቶ "ማር ነው፣ ማር!" ይላል።

ብልጭታ ከጢሱ ጀርባ ስለሚውል ይህን ሁሉ አይሰማም። የምትሰማው ምግብ የምታቀርበው ሚስቱ ነበረች። የሰው ቅሬታ ማጠራቀሚያ መሆን ሲሰለቻት አንድ ደብተር ገዝታ፣ ላዩ ላይ "አስተያየት" ብላ ጽፋ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ አስራበት እጅ መታጠቢያው አጠገብ ሰቀለችው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ታነብለታለች። እሱ መነጽሬ ጠፋብኝ ስለሚል ነው።

አብዛኛው ሰው የሚጽፈው አጭር ነበር። ጨው ቀንሱ። ጨው ጨምሩ። ወንበሩ ወገቤን ገደለኝ። አንድ ሐሙስ ግን በአረንጓዴ ቀለም፣ ቁልጭ ባለ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ የሚል ተጽፎ ተገኘ፦ "ጎድኑ ከላይ አሯል፤ ከውስጥ ጥሬ ነው። ድንቹ በጣም ጥሩ ነው። ከአሥር አራት።"

ብልጭታ ደሙ ፈላ። ድንቹን የምትሠራው ሚስቱ ናት። በሳምንቱ ሐሙስ አረንጓዴው እስክሪብቶ ተመልሶ መጣ፦ "ዶሮው ደርቋል። ጥረቱ ግን ይታያል። ከአሥር አራት ተኩል።"

"ጥረቱ ይታያል ማለት ምን ማለት ነው?" አለ ብልጭታ። ሚስቱ ምስጋና ሊሆን ይችላል ብላ ልታጽናናው ሞከረች። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ያች ግማሽ ነጥብ እንቅልፍ ነሳችው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ሰው ላስደስት ብሎ ተነሣ። አንድ ቅዳሜ ደብተሩ ላይ ያለውን አስተያየት በሙሉ በአንድ ቀን ሥራ ላይ አዋለው። ጨው ቀነሰ፤ ሥጋውን ስስ አድርጎ ቆረጠ፤ ለጢሱ ብሎ መስኮቱን ሁሉ ከፈተ፤ ለወንበሩ ብሎ የቤቱን ትራስ አወረደ። በመስኮቱ የገባው ነፋስ አመዱን አንሥቶ ሰላጣው ላይ በተነው። ስስ የተቆረጠው ሥጋ እንደ ወረቀት ተጠቀለለ። ሹፌሩ ትራሱ ላይ ተመቻችቶ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሌላ ሰው ቦታ አጣ። ሐሙስ ሲደርስ አረንጓዴው እስክሪብቶ "ጥያቄው በትክክል አልተነበበም። ከአሥር ሦስት" አለ።

አሁን ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆነ። ብልጭታ ሁለት ሐሙስ ሙሉ መታጠቢያውን ሲጠብቅ ዋለ። አረንጓዴ እስክሪብቶ የያዘ ሰው አላየም፤ ከሰዓት ግን አዲስ አረንጓዴ ጽሑፍ ደብተሩ ላይ አለ። ሲያስበው ሲያስበው፣ ያን ያህል የሚያሞግስ ሰው ነው መጠርጠር ያለበት አለና ፀጉሩን ሊቆረጥ ቅጥያው ሱቅ ገባ። ግማሹ እንደተቆረጠ፣ የእጅ ጽሑፉን ለሚስቱ ወስዶ ከደብተሩ ጋር ሊያስመሳክር፣ እስቲ ስልክህን ጻፍልኝ አለው ፀጉር አስተካካዩን። ፀጉር አስተካካዩ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ ስልክ ምን ያደርግልሃል ብሎ ተገረመ።

"አረንጓዴ እስክሪብቶ አለህ?" አለ ብልጭታ፣ በመስታወቱ ውስጥ ትኩር ብሎ እያየው።

ፀጉር አስተካካዩ ስለ እስክሪብቶው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የብልጭታን ፊት ሲያይ ግን የተነቃበት መሰለው። መቀሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ጫማ ነው ያልኩት ለቀልድ ነው" አለ። "ደንበኛን ለማጫወት ያህል። ማን ነገረህ?"

"ምኑ ነው ጫማ?"

"ሥጋው" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን መልሶ እያነሣ። ብልጭታም ግማሽ ራሱ እንደተቆረጠ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ወጣ። ሚስቱ ስታየው ሳቋን ለመደበቅ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በበሩ መስታወት ይታይ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሚስቱ፣ እህቷ ቤት ስትቀይር፣ ልታግዛት ሄደች። ስትወጣ የእናቴን ምሳ ራስህ አድርስ አለችው። እናቷ፣ ማለትም የብልጭታ አማት፣ ከላይ ባለው ክፍል ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው ደረጃ እምቢ ካለ ጀምሮ ወርደው አያውቁም። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ብልጭታ በጣም ያከብራቸዋል፤ ስለሚያፍራቸውም ብዙ አያወራቸውም። እሳቸውም ባዩት ቁጥር "እጅህ ይባረክ ልጄ" ከማለት ሌላ ስለ ምግቡ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም።

ሳህኑን ይዞ በክርኑ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። አማቱ ጠረጴዛቸው አጠገብ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

"አስቀምጪው" አሉ ሳይዞሩ። "ደብተሩስ? ዛሬ ረሳሽው እንዴ?"

በእጃቸው የያዙትን አረንጓዴ እስክሪብቶ ብልጭታ ያን ጊዜ አየው። ሳህኑ ላይ ያለው ጎድን ተንሸራቶ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። አማቱ የሳህኑን ድምፅ ሰምተው ዞሩ።

"እማማ፣ እርስዎ ነዎት?" አለ። "ሁልጊዜ እጅህ ይባረክ ሲሉኝ ኖረው?"

"እጅህ ይባረክ አልኩ እንጂ ሥጋው ይባረክ አላልኩም" አሉ አማቱ። ከዚያ ትንሽ አፈሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ፊት ለፊት ብነግርህ ይከፋሃል ብዬ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ልጆቹን ስለሚያስደነግጥ ድሮም በአረንጓዴ ነበር የማርመው።"

ብልጭታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለመቆጣት ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው ግን በየት በኩል እንደሚጀመር ጠፋው። አማቱ ከጎድኑ አንዱን በሹካ አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

"ይኼ ምን ዓይነት መልክ አለው?" አሉት፣ ተማሪ እንደሚጠይቁ።

"ቡናማ።"

"ከሰል ሆኗል ልጄ።"

ብልጭታ አንገቱን ደፋ። ከብየዳው ጀምሮ፣ በተለይ ጢስ ውስጥ፣ ቡናማውን ከጥቁሩ፣ ቀዩን ከቡናማው መለየት እየተሳነው መጥቷል። ለማንም አልተናገረም። የጠፋ መነጽርም አልነበረም፤ ደቃቅ ፊደል ስለማይታየው ነበር። ይህን ለአማቱ ነግሮ፣ ለሚስቱ እንዳይነግሩበት ለመናቸው።

"ለእኔ ማን የነገረኝ ይመስልሃል?" አሉ አማቱ። "እሷም እንዳይከፋህ ብላ ነው። እናንተ ሰዎች ስትተዛዘኑ ሰፈሩ ጥሬ ሥጋ በላ።"

በማግስቱ ሚስቱ ከአንዱ ወገን፣ ብልጭታ ከሌላው ወገን ደግፈዋቸው አማቱ ደረጃውን ወረዱ። አሥራ ስድስት ደረጃ ለመውረድ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ምድጃው አጠገብ ባለው የብረት ወንበር ተቀምጠው የአማቻቸውን ሥራ ተመለከቱ። እሱ ከሰሉን አያይዞ፣ የድሮ ማራገቢያውን ከፍቶ፣ ነበልባሉ ክንድ ሲያክል ሥጋውን ጣለበት።

"ምን በደለህ?" አሉ። "ብረት እኮ አይደለም፤ አትበይደው። መጀመሪያ ነበልባሉ ይሙት።"

ማራገቢያው ጠፋ። ፍሙ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ ለብልጭታ ጭንቅ ነበር፤ ሦስት ጊዜ እጁ ወደ ማራገቢያው ሄዶ ሦስቴም ተገሠጸ። ከዚያ አማቱ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሰማ አዘዙት። ብልጭታ ሰማ። ብየዳ ሲይዝና ሲስት በድምፁ የሚለይ ሰው ነበር። ጎድኑ መጀመሪያ ይንጫጫል፤ ውሃውን ሲጨርስ ድምፁ ይወፍራል፤ ሲበስል ለስለስ ብሎ ያንሾካሹካል።

"አሁን" ብሎ ዓይኑን እንደጨፈነ አወጣው።

አማቱ ቆርሰው ቀመሱ። ቀስ ብለው አላመጡ። "ስድስት" አሉ። ሚስቱ ከኋላው ቆማ እንባዋን በሽርጧ ጠረገች፤ ጢሱ ነው አለች።

ከዚያ ወዲህ ጥብስ ቤቱ ሰላም ሆነ ማለት አይቻልም። ፍሙ እስኪበርድ ስለሚጠበቅ አሁን ደግሞ ዘገየ የሚል ቅሬታ መጣ። ፋርማሲስቷ ጢሱ በመቀነሱ ደስ አላት፤ ሹፌሩ ግን የድሮው ይሻል ነበር፣ ይኼኛው ሳታኝከው ያልቃል ብሎ አኮረፈ። ፀጉር አስተካካዩ ሳምንት ያህል አፍሮ ቀርቶ ተመለሰ፤ የቀረውን ግማሽ ፀጉር ጥብስ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቆረጠለት።

ባለፈው እሑድ ቀትር ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ሁለት ሳህን በአንድ ጊዜ ሹካ ሳይነካቸው ተመለሱ። የመስኮቱ ጠረጴዛ በጣም በስሏል አለ፤ የበሩ ጠረጴዛ ገና ነው አለ። ሚስቱ ሁለቱንም ይዛ መጥታ ምን ልበላቸው አለች። ብልጭታ ሳህኖቹን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ጥቂት አሰበ። ከዚያ የበሩን ወደ መስኮቱ፣ የመስኮቱን ወደ በሩ ላከው። አማቱ ከወንበራቸው ሆነው ይህን ተመለከቱ። ሁለቱም ጠረጴዛዎች አጥንቱን እስኪያጸዱ በሉ፤ ሲወጡም የበሩ ጠረጴዛ ሰውዬ አንገቱን ወደ ምድጃው አስግጎ፣ ቅር ያለውን ሰው ሰምቶ የሚያስተካክል ባለሙያ እንዲህ ነው ብሎ አመሰገነ።