በትንፋሽ የተባለች «አዎ»

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልጄ መኪና እየነዳች «ማሚ፣ ወደ ወንዙ እንሂድ?» ብላ ጠየቀችኝና፣ እኔም እንዳደግኩበት ወግ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ፣ «እህ!» አድርጌ ብመልስላት፣ ፍሬኑን ሲጥ አድርጋ ይዛ «ምን ገጨሁ?» ብላ ጮኸች። ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ክላክሱን አምባረቀብን። ምንም አልገጨሽም፣ አዎ ማለቴ ነው፣ ብላት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፤ እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ አዎ በትንፋሽ እንደሚባል ከየት ታውቃለች! እኔ ግን ሳቄ አልቆም አለኝ፣ እትዬ የሺ ትዝ ብለውኝ።

እትዬ የሺ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ከወንዙ ብዙ ሳንርቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረውን ይኖሩ ነበር። በመጡ ሰሞን ዳቦ እገዛለሁ ብለው ወጥተው ጠፍተው በፖሊስ መኪና ተመልሰዋል፤ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት እያየ፣ ወይ ውርደት! ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን የሚሄዱባት መንገድ አንዲት ብቻ ሆነች፤ ከበራችን ተነስታ ቀጥ ብላ እስከ ፖቶማክ ወንዝ ዳር የምትወርደው። መታጠፍ የለ፣ ምልክት ማንበብ የለ፣ ውሰዱኝ ብሎ ሰው መለመን የለ። መጨረሻዋ ላይ፣ ጭቃና ዓሣ ዓሣ በሚሸቱት አሮጌ መጋዘኖች መካከል፣ አንድ እንጨቷ የወለቀ አግዳሚ ወንበር ነበረች፤ እዚያ ላይ ሚስተር ኸርበርት የሚባሉ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊ መንጠቆአቸውን ጥለው ይቀመጣሉ። እትዬ የሺ በአማርኛ፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጨዋወቱ ኖሩ። ላስተርጉም ብዬ ጠጋ ካልኩ ሁለቱም ይገላምጡኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ሕንፃችን በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። መጋዘኖቹ ፈርሰው የሀብታም ቤቶችና የግል ጀልባ ማቆሚያ ሊሠራ፣ ዳርቻውም ሊታጠር መታሰቡን፣ የከተማው ምክር ቤትም ነዋሪው ሐሳቡን የሚሰጥበት «ፐብሊክ ሂሪንግ» መጥራቱን ይናገራል። እኔ ቃሉን ይዤ «የሕዝብ መስሚያ» ብዬ ተረጎምኩላቸው።

«እሰይ! መስማት ከፈለጉማ እናገራለኋ!» አሉ።

አባቴ «ኧረ እትዬ፣ በሰው አገር ምን አገባን?» ቢላቸው ተቆጡ። «አንተ ሥራ ትሄዳለህ፣ እሷ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ያቺን መንገድ ከዘጉብኝ እኔ የት ልሂድ? ተቆልፌ ግድግዳ ሳይ ልዋል?» ለአስተርጓሚነት እኔ ተመደብኩ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አንዱ መኪናዬን የት ላቁም ይላል፣ አንዷ ፎቁ ጽጌረዳዬን ጥላ ይጥልባታል ትላለች፤ ሁሉም ሦስት ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ ሰዓቱን የምትቆጥር እንደ ትራፊክ መብራት ያለች ነገር ፊቱ ትበራለች። የእኛ ተራ ደርሶ አረንጓዴው ሲበራ፣ እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ወደ ምክር ቤቱ ጠረጴዛ መንገድ ጀመሩ! አረንጓዴ ሲበራ ሂድ ማለት ነው ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። በነጠላቸው ጫፍ ጎትቼ መለስኳቸው።

እጅ ነሱና «ያ ቦታ መተንፈሻዬ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ፣ ምን ልበል፣ እዚያ ካልሄደች መተንፈስ አትችልም ብዬ በእንግሊዝኛ አስተላለፍኩ። የምክር ቤት አባላቱ ተያዩ። ሰብሳቢው አንገታቸውን ቀለስ አድርገው፣ በየቀኑ ይሄዳሉ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ተረጎምኩ።

«እህ!» አሉ እትዬ የሺ፣ ትንፋሻቸውን ስበው።

ሰብሳቢው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኦኬ?» አሏቸው። ኦኬ እትዬ የሺ የሚያውቋት ብቸኛ የእንግሊዝኛ ቃል ናት፤ አስተርጓሚ ሳይጠብቁ «እህ!» አሉ። ውኃ መጣ። «ኦኬ?» «እህ!» ወንበር መጣ። ቀጥሎ አንድ ግዙፍ ሰውዬ የኦክስጅን ጭንብል ይዞ እየሮጠ መጥቶ አፍና አፍንጫቸው ላይ ገጠመላቸው። «ኦኬ?» ይላቸዋል፣ «እህ!» ይሉታል፣ እሱም ኦክስጅኑን ይጨምራል። እኔ አስተርጓሚ ተብዬ አንዲት ቃል መናገር ነበረብኝ። ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁለት የክፍሌ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ያዩኛል፤ አፈርኩ። አክስቴ ናቸው ለማለት አፈርኩ። ጫማዬን እያየሁ ዝም አልኩ።

ይሄኔ ሚስተር ኸርበርት ከኋላ ተነስተው «አዎ ማለቷ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ አዎ የምትለኝ እንዲህ ነው!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ሰብሳቢው ተቀምጠው፣ ረጋ ብለው፣ መንገዱ ክፍት ይሁን ነው የሚሉት ወይ ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩ። ከጭንብሉ ውስጥ፣ የኦክስጅን ጉልበት ተጨምሮበት፣ በዕድሜዬ ሰምቼ የማላውቀው ረጅም «እህ!» መጣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ቤቶቹ መሠራታቸው አልቀረም። አጥሩ ግን ወደ ኋላ ተስቦ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ መንገድ ለሕዝብ ተተወ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ የሺ «አየሽ፣ ሰሙኝ» አሉኝ። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ «አንቺ ግን ለምን ዝም አልሽ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አላነሱብኝም።

ቅዳሜ ይህንን ሁሉ እያወጋኋት ከልጄ ጋር ወንዙ ዳር ስንደርስ የጭቃው ሽታ የለም፣ መጋዘኖቹ የሉም፣ ያቺ ጎደሎ ወንበርም የለችም። እትዬ የሺም ሚስተር ኸርበርትም ካረፉ ስንት ዘመናቸው! ዛሬ ቤቴ ውስጥ በትንፋሽ የሚመልስልኝ ሰው የለም፣ እሱ ነው የሚቆጨኝ። መንገዷ ግን አለች፣ ሰው ከነውሻው ይርመሰመስባታል።

«የእትዬ የሺ መንገድ ይቺ ናት?» አለችኝ ልጄ።

«እህ!» አልኩ፣ ትንፋሼን ከልቤ ስቤ።

ሲሮጡ የነበሩ ባልና ሚስት ክው ብለው ቆሙ። «ኦኬ?» አሉኝ። አፌን ሳልከፍት ልጄ እጄን ያዘችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አዎ ማለቷ ነው። እናቴ ናት» አለቻቸው።